ለኤልሲ የሚሆን ጠመንጃ

«አባዬ እኮ ጠረገን» አለች ሬኔ።

ድምፁ ከማድ ቤቱ ወለል፣ የማሞቂያው አየር በሚያልፍበት የቆርቆሮ ቱቦ በኩል ቁልቁል ወርዶ፣ ምድር ቤት ልብሳቸውን ከማድረቂያ ማሽኑ እያወጡ የነበሩት ቼስተር ግራቦስኪ ጆሮ ገባ። አንድ እግር ካልሲ በእጃቸው ይዘው ጓደኛውን እየፈለጉ ነበር። ባለቤታቸው ከሞተች በኋላ የራሳቸውን ቤት ሸጠው ልጃቸው ሬኔ ቤት ምድር ቤት ከገቡ ጀምሮ፣ ያ ቱቦ ብዙ ነገር ሲነግራቸው ኖሯል። ራት ምን እንደሆነ፣ አማቻቸው ፊል ከአለቃው ጋር እንደተኳረፈ፣ ለጣሪያው ጥገና ስንት እንደተጠየቀ የሚሰሙት በእሱ ነው። የሰው ወሬ መስረቅ ስለማይወዱ ድምፅ ሲወርድ ከፍ አድርገው ይስላሉ፤ ላይ ያሉትም ሳሉን ሲሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ይህን ስምምነት ሁለቱም ወገኖች አንድም ቀን በአፋቸው አንስተውት አያውቁም። ዛሬ ግን ቼስተር አልሳሉም።

ፊል ጠመንጃው ባዶ እንደነበረ ጠየቀ። ሬኔም ባዶ ሆነ ሙሉ ለውጥ እንደሌለው፣ መጀመሪያ በእሷ ሆድ ከዚያ በልጇ በኤልሲ ግንባር ላይ እንዳለፈ ነገረችው። ቧንቧ ተከፈተ፤ ሰሃን ተንኳኳ፤ ቧንቧው ተዘጋ። «የሚገዛላትን ጠመንጃ እሱ ይምረጥላት» አለች ሬኔ ቀስ ብላ። «ከሰኔ ጀምሮ ሲያወራው የከረመ ነገር ነው፤ ያንን ከነፈግነው ይሰበራል። ማስተማሩን ግን የክበቡን አሰልጣኝ ጆአንን ለምኛታለሁ። እሺ ብላኛለች።» ፊል ታዲያ ይህን ለአባትሽ ማን ይነግራቸዋል አለ። የወረደው የወንበር መጎተት ብቻ ነበር።

በተኳሾች አፍ መጥረግ ማለት ሌላ ነው። የጠመንጃ አፈሙዝ በሰው ላይ ካለፈ፣ ጥይት ኖረውም አልኖረውም፣ የኋላ መቀርቀሪያው ተከፍቶም ተዘግቶም ቢሆን፣ ያ ሰው ተጠርጓል፤ የያዘውም ሰው ጠርጓል። ኢሪ ከተማ ውስጥ ይህን ቃል በስንቱ ልጅ ጆሮ ውስጥ የተከሉት ራሳቸው ቼስተር ናቸው። ባቡር ፋብሪካ ውስጥ ሲበይዱ ውለው፣ ማታና ቅዳሜ በሐይቅ ዳር ተኳሾች ክበብ የሰፈሩን ልጆች ሲያስተምሩ ነው ዕድሜያቸው የሄደው። አንድ ጊዜ አንድ የፖሊስ ሻምበል ጠመንጃ እንደያዘ ሰላም ሊላቸው ዞር ቢል፣ በሰው ሁሉ ፊት «ሻምበል፣ ጠርገኸኛል፤ ውጣ» ብለውታል። ሰውየው ባዶ ነው፣ ባዶ ነው እያለ ሲወጣ «እሱን ለሬሳ ሣጥን ሠሪው ንገረው» ያሉት ነገር እስከ ዛሬ በክበቡ ይወራል። ሲወራ ቼስተር ዝቅ ብለው ቡናቸውን ያዩ ነበር እንጂ ደስ አይላቸውም ማለት አይቻልም።

የዚያን ዕለቱንም ያውቁታል። መስከረም ላይ ነው፤ ከከተማው ወጣ ባለው የክበቡ ሜዳ። የተኮሱት ጥይት ቀለህ አልወጣ ብሎ ጠመንጃው ውስጥ ተቀረቀረ። እሳቸው በወሬ ሞቅ ብለው ነበርና፣ ርካሽ ጥይት የሚያመጣውን ጣጣ ለሬኔ ሊያሳዩአት ከነጠመንጃው ዞሩ። ዞረው ሳይጨርሱ አወቁት። ጠመንጃውን ወደ ዒላማው መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስተኙትና ቀና ብለው የሁለቱን ፊት ፈለጉ። ሬኔ ከቦርሳዋ ሳንድዊች እያወጣች ነበር፤ ኤልሲ የጫማዋን ክር ታስራለች። ሳንድዊቹን በሉ፤ ስለ አየሩ አወሩ፤ ወደ ቤት ተመለሱ። እንግዲያው አላዩም ብለው ራሳቸውን አሳመኑ። ያንን ማሳመን ሲደግፉት ከርመው አሁን በአንዲት ቃል ተናደባቸው። ይበልጥ ያሳፈራቸው ደግሞ መዞራቸው አልነበረም። መዞር የእጅ ስሕተት ነው፤ ዝም ብሎ ሳንድዊች መብላት ግን የእጅ ስሕተት አይደለም።

ወደ ላይ ሲወጡ ሬኔ እንቁላሉንና ቋሊማውን ሰሃናቸው ላይ አቅርባ፣ አጃ ዳቦውን ቅቤ ቀብታ ጠበቀቻቸው። ሰውን በምግብ መካስ ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ ቼስተር ቅቤው ከወትሮው ወፈር ማለቱን አዩ። ፊል ዛሬ ገበያው እንደሚጨናነቅ፣ የአጋዘን አደን ሊከፈት ጥቂት ሳምንት ስለቀረው ማቆሚያ እንደማይገኝ አወራ። ቼስተር እውነት ነው አሉ። ኤልሲ ኮቷን ለብሳ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በዚህ ዓመት ብቻ እጅጌዋ ሁሉ አጥሮባታል። አያቷን በፖላንዶቹ ወግ ጃጃ ነው የምትላቸው። «ጃጃ፣ ቋሊማውን መኪና ውስጥ ጨርሰው። የሚያምሩትን ጠመንጃዎች ሌላ ሰው ይወስድብናል» አለች። ሳቁ። ሳቃቸው ለራሳቸው ጆሮ እንኳ የሌላ ሰው መሰላቸው።

መኪናዋን ሬኔ ነዳች። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ የቅጠል ክምሩን እየበተነ አስፋልቱ ላይ ያንከባልለዋል። ሬኔ ስለ ቤንዚን ዋጋ አነሳች፤ ቼስተር ያለፈው ሳምንት ይሻል እንደነበር ተናገሩ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጠመንጃ ሱቁ በር ድረስ የተሰማው የኤልሲ ድምፅ ብቻ ነው። ልጅቷ ከኋላ ወንበር ሆና የሰማችውንና ያነበበችውን ሁሉ ትደረድራለች። የክፍል ጓደኛዋ ወንድም ጥይት በራሱ የሚያጎርስ አለው፤ ጣሳ በጣሳ ላይ ይጥላል። አንድ ሌላ ልጅ ደግሞ መቀርቀሪያውን በእጅ የሚያንቀሳቅሱት ነው ትክክለኛው ይላል። የቱ ይሻላል ጃጃ? ቼስተር ከሰኔ ጀምሮ የዚህን ጥያቄ መልስ ሲያዘጋጁ ነው የከረሙት። አሁን መልሱ ተነነባቸውና «እዚያ ስንደርስ እጅሽ ራሱ ይነግርሻል» ብለው አለፉት። ከመስታወቱ ላይ የሬኔን ዓይን አገኙት፤ ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች።

ሱቁ ውስጥ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች እንደ ሥጋ ቤት ወረፋ ቁጥር ይዘው ቆመዋል። የዘይት፣ የአዲስ ጎማ ጫማና የፋንዲሻ ሽታ አንድ ላይ ይሸታል። ከባንኮኒው ኋላ ማርቭ ነበር። ሆዱ ገፋ ያለ፣ መነጽሩን በገመድ ያንጠለጠለ ሰው ሆኗል፤ ድሮ የቼስተር ተማሪ ነበር። ቁጥራቸውን ሳይጠራ እጁን አውለበለበላቸው።

«አሰልጣኝ፣ ዛሬ ማንን ሊያባርሩ መጡ?»

ወረፋው ላይ ያሉት ሳቁ። ማርቭ ወደ ኤልሲ ጎንበስ ብሎ፣ አያትሽን ታያቸዋለሽ፣ ጣቴን ያለ ጊዜው ቃታ ላይ ስላሳረፍኩ ብቻ ሙሉ ቅዳሜ ወንበር ላይ አስቀምጠውኛል፣ እናቴ ብታለቅስም አልሰሟትም እያለ ተረከላት። ኤልሲ በኩራት አያቷን ቀና ብላ አየች። ቼስተር ባንኮኒው መስታወት ሥር የተደረደሩትን ቢላዎች ሲቆጥሩ የነበሩ መሰሉ።

የሚፈልጉት ሃያ ሁለት የሚባለውን ትንሹን ጠመንጃ እንደሆነ ለማርቭ መንገር አላስፈለገም። ለጀማሪ፣ ለልምምድ፣ ለቅዳሜ ጨዋታ ሰው የሚገዛው ይህንኑ ነው፤ ጥይቷ የሕፃን ጣት ጫፍ የምታክል፣ ትከሻ የማትመታ፣ ጆሮ የማታደነቁር። ኤልሲ የአባቷ የአጋዘን ጠመንጃ እያለ ለምን ሌላ እንደሚያስፈልግ ስትጠይቅ፣ ማርቭ የአባትሽ አንዴ ጮኾ ዝም በሚልበት ዋጋ በዚህችኛዋ ሃያ ጊዜ ትለማመጃለሽ አላት። በመስታወቱ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ዘርግቶም ሦስት ጠመንጃ አስተኛ። አንደኛው በራሱ የሚያጎርሰው፣ ባለ ዐሥር ጥይት ካርታ፣ ግማሹ ከተማ ያለው፤ ሦስት መቶ ዶላር ፈሪ። ሁለተኛዋ አጭር፣ ቀላል፣ አንዲት ጥይት ብቻ በእጅ የምትጎርስ፤ ከሁለት መቶ በታች። ሦስተኛው ከበድ ያለ፣ ሰደፉ የሚረዝምና የሚያጥር፣ ማነጣጠሪያው እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ክብ የሆነ፤ ከአምስት መቶ ያልፋል።

የቼስተር ልብ ከሰኔ ጀምሮ ሁለተኛዋ ላይ ነው። አንዲት ጥይት ብቻ የያዘ ልጅ ያስባል፤ ዐሥር የያዘ ይረጫል፤ ይህን ያምናሉ። ደግሞም ኤልሲን በሐሳባቸው ሲያዩዋት የኖሩት ከዚህችው ትንሽ ጠመንጃ ጋር፣ ከእሳቸው ጎን በደረቷ ተኝታ፣ እሳቸው በጆሮዋ «አትቸኩይ» እያሏት ነው። ጠመንጃዋን አነሡ። እንደ ደንቡ መቀርቀሪያውን ከፍተው፣ ውስጡን አይተው፣ በጣታቸውም ዳስሰው፣ አፈሙዙን ወደ ጣሪያው አቀኑ። የጎደለ ነገር አልነበረም።

ይህንኑ ሲያደርጉ ሬኔ እጇን ኤልሲ ትከሻ ላይ አሳረፈች፤ ልጅቷንም ቀስ አድርጋ ከአያቷ ግራ ወደ ኋላ፣ የቆብ መስቀያው ወዳለበት ወሰደቻት። ስትወስዳት ወደ አባቷ አላየችም። ይህ ቆብ ለአባትሽ አይሆነውም ወይ እያለች፣ አንድ ቆብ አውርዳ እያሳየቻት ነበር። ማንም ሰው ቢያያት እናትና ልጅ ቆብ የሚመርጡ ነበር የሚመስለው። ማርቭ ግን ሙያው ነውና አየ። አየና ዓይኑን ወደ አምፖሉ ሰቀለ።

ቼስተርም አዩ። እጃቸው የሚሠራውን እንዲያገኝ ብለው መቀርቀሪያውን ዘጉ፤ ጠመንጃዋን ወደ ጣሪያው ማዕዘን አነጣጥረው ቃታውን ሳቡ። ቀጭን ብረት ብረትን ሲመታ የሚሰማው ደረቅ ድምፅ ሱቁ ውስጥ ቅው አለ። ሃያ ሁለትን ባዶውን አይተኩሱትም። የዚህ ጥይት ባሩድ የሚቀጣጠለው ጠርዙ ሲመታ ስለሆነ፣ ጥይት በሌለበት መምቻው የሚያርፈው በራሱ በጠመንጃው ከንፈር ላይ ነው፤ ከንፈሩ ከተጎዳ ደግሞ ቀለህ ይነክሳል። ይህን ለማርቭ ያስተማሩት ራሳቸው ናቸው። ማርቭ እንደ ድሮው ልጅ ፊቱ ትንሽ ጨምደድ ካለ በኋላ ፈገግ አለ። «ግድ የለም አሰልጣኝ። አዲሶቹ ይችሉታል።» ቢቆጣቸው ይሻላቸው ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሽማግሌ መንገድ የሚያሻግር ሰው በሚያወራበት ድምፅ ነው ያላቸው።

ሬኔ ከኤልሲ ጋር ተመልሳ መጣች፤ ስልኳን አወጣች። ኢንተርኔት ላይ አንዳንድ ነገር አንብቤ ነበር ብላ ጀመረች፣ ስልኩን እያየች። ሰደፉ የሚስተካከል ቢሆን፤ ማነጣጠሪያው ክብ ቀዳዳ ቢሆን፤ ከበድ ቢል አይከፋም፣ ተኝታ ስለምትተኩስ ክብደቱ እንዳይወዛወዝ ይረዳታል። «ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ወደፊት የምታድግበት ሳይሆን ዛሬ ልክ የሚሆናት ይሁን ይላል» አለች። ቼስተር ይህን ቃል አወቁት። የጆአን አባባል ነው፤ ጆአን ስለ ጠመንጃም ስለ ጫማም የምትለው እንደዚሁ ነው። ለጆአን ደግሞ የነገሯት እሳቸው ናቸው፤ ክበቡ ውስጥ አዲስ አሰልጣኝ ሆና በገባች ጊዜ። እንግዲህ የገዛ ቃላቸው በጆአን አፍ ዞሮ፣ በልጃቸው ስልክ አልፎ፣ የማያውቁት ሰው የጻፈው ሆኖ መጣላቸው። «ደህና ነገር ነው የጻፈው» አሉ። «ማን እንደሆነ ባላውቅም ያውቅበታል።» ሬኔ አንገቷ ሥር ቀላች።

ኤልሲ ሦስተኛውን ታቀፈችው። ማርቭ ሰደፉን በቁልፍ አሳጥሮ ትከሻዋ ላይ ሲያሳርፍላት ጉንጯ ያለ ጭንቀት እንጨቱ ላይ ተኛ፤ ዓይኗ ከቀዳዳው ጋር ገጠመ። አጭሯን ስትሞክር ግን አንገቷን እንደ ሰጎን ማጠፍ ነበረባት። ቼስተር የፈለጓት ጠመንጃ ለዛሬዋ ኤልሲ ሳይሆን በሐሳባቸው ላለችው፣ ለአምናዋ ልጅ እንደነበረች ገባቸው። «ያኛው ነው» አሉ። «አያከራክርም።»

ማርቭ ወረቀቱን ከመሳቢያ እየሳበ ገዢው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«እኔ» አሉ ቼስተር።

«እኔ» አለች ሬኔ።

አንድ ላይ ነው ያሉት። ኤልሲ ሳቀች፤ ሌላ ማንም አልሳቀም። ማርቭ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቆየ። ሬኔ ከንፈሯን ነከሰች፤ አንድ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት ቼስተር «እሷ ናት» ብለው ከባንኮኒው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ልክፈል ብለው ቦርሳቸውን ቢያወጡም ማርቭ ጎንበስ ብሎ፣ ሕጉን ያውቁታል አሰልጣኝ፣ ስሙ የሚጻፈው ሰው ነው የሚከፍለው፣ ጥይቱን ግን መግዛት ይችላሉ አላቸው። ሕጉን ያውቁታል። ጥይቱን ገዙ፤ ደህናውን ዓይነት፣ ቀለሁ የማይቀረቀረውን። ለመንግሥት ተደውሎ ለሬኔ እስኪፈቀድላት ድረስ፣ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ የጥይቱን ፓኮ ጭናቸው ላይ አድርገው እንደ ሆስፒታል ተራ ጠባቂ ተቀመጡ።

ጠመንጃው ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎ ከመኪናው ኋላ ገባ። ሬኔ ምሳ እንብላ አለች፤ ሁልጊዜ ወደሚሄዱበት፣ የበሬ ሥጋውን በራሱ ጭማቂ አርሰው ዳቦ ውስጥ ወደሚሰጡበት ቤት ገቡ። ምግብ አቅራቢዋ ቼስተርን በስም ጠርታ ጉልበታቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቀች። ኤልሲ ድንቹን በቲማቲም ድልህ እያጠቀሰች፣ ከሰዓት ክበቡ ለልጆች ክፍት እንደሆነ፣ ዛሬውኑ መጀመር እንደምትፈልግ አወራች። ከዚያ ጠየቀች።

«ጃጃ፣ አንተ ከጎኔ ትተኛለህ ወይስ ከኋላዬ ትቆማለህ?»

ሬኔ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ፈጥኖ ነው የመጣው። ጃጃን ትከሻውን እያመመው ነው፣ ወለል ላይ መተኛት ለእሱ ጥሩ አይደለም፣ ስለዚህ ለጊዜው ጆአን ትረዳሻለች አለች። ቼስተር ልጃቸውን አዩ። ሬኔ የምታየው ሰሃኑን ነበር። ይህ ውሸት ለእሳቸው ተለክቶ የተሰፋ ኮት መሆኑን ተረዱ፤ ስንት ሌሊት አስባበት ይሆናል። ትከሻቸውንም እውነት አንዳንዴ ያማቸዋል። ማድረግ የሚጠበቅባቸው ትከሻቸውን ያዝ አድርጎ ፊታቸውን ቅጭም ማድረግ ብቻ ነው፤ ኮቱ ልክ ይሆናል፣ ማንም አይጎዳም፣ ሳንድዊቹም ይበላል። እጃቸው ወደ ትከሻቸው ሲሄድ ተሰማቸው። መንገድ ላይ አቆሙት።

«ትከሻዬ ደህና ነው» አሉ። ድምፃቸው ቀጠነባቸው፤ እንደገና ጀመሩ። «ኤልሲ፣ መስከረም ላይ ሜዳው ላይ፣ ቀለህ የተቀረቀረብኝ ቀን፣ ጠመንጃ ይዤ ዞርኩ። እናትሽን ጠረግኋት። አንቺንም ጠረግሁሽ። ያን ጊዜውኑ አውቄዋለሁ፤ አውቄ ዝም አልኩ። ጆአን የምታስተምርሽ ለዚህ ነው።»

ሬኔ ወደ መስኮቱ ዞረች። ኤልሲ የያዘችውን ድንች ወደ ሰሃኑ መለሰች።

«አይቻለሁ» አለች።

«አይተሻል?»

«አዎ። የአፈሙዙን ቀዳዳ አየሁት።»

ለምን እንዳልነገረቻቸው ሲጠይቋት ትከሻዋን ሰበቀች። አኩርፋ አልነበረም፤ ነገሩን እያሰበችበት ነበር። «ሕጉ ለአንተ የማይሠራ መስሎኝ ነው» አለች። «ያወጣኸው አንተ ስለሆንክ። ለልጆች ብቻ መሰለኝ።»

ቼስተር ስንት ነገር ፈርተው ነበር፤ ስማቸውን፣ ሻምበሉን፣ ክበቡ ውስጥ የሚወራውን። ልጅቷ አይታ ይህን ትማርበታለች ብለው ግን አንድም ጊዜ አልፈሩም። ከሰኔ ጀምሮ ሊያስተምሯት ሲዘጋጁ፣ ለካ አስተምረዋት ጨርሰዋል። አፋቸውን በናፕኪን ጠራርገው፣ ለእኔም ይሠራል፣ ይልቁንም ለእኔ ነው መሥራት ያለበት አሉ፤ ግን ቃሉ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ወድቆ የቀረ መሰላቸው። ልጅቷ እሺ አለች፤ ልጆች ትልቅ ሰው ሲያዝኑለት እሺ እንደሚሉት።

መኪናው ውስጥ ሲገቡ ሬኔ ሞተሩን ሳታስነሣ ቆየች። «ከየት ሰማህ አባዬ?» አለች። ከቱቦው አሉ። ስትስል አልሰማሁህም ብትላቸው «ዛሬ አልሳልኩም» አሏት። ሬኔ ግንባሯን መሪው ላይ አስደገፈች። ልነግርህ ነበር፣ በየቀኑ ልነግርህ ነበር፣ ለአንተ እንዴት ተደርጎ ይነገራል አለች። ወደ ክበቡ ንጂ አሏት።

ክበቡ ከአንድ አሮጌ የሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ ሥር ያለ ረጅም ምድር ቤት ነው። በአንድ ጫፉ መብራት የበራባቸው ዒላማዎች፣ በሌላው ምንጣፎች፣ ከምንጣፎቹ ኋላ ወለሉ ላይ የተቀባ ቢጫ መስመር፣ ከመስመሩ ኋላ ደግሞ ምድጃና ወንበሮች። ከባለ ተራው ተኳሽና ከአሰልጣኙ በቀር መስመሩን የሚያልፍ የለም። ሦስት ሽማግሌዎች ምድጃው ዙሪያ ነበሩ። ጆአን፣ ነጭ ፀጉሯን እንደ ወንድ ያሳጠረች፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት፣ የልጆችን ወረቀት ዒላማ እየሰቀለች ነበር። ሬኔን ስታይ ፊቷ ጥያቄ ሆነ። ቼስተር ኮታቸውን ሳያወልቁ መሐል ቆሙ። ጆአንን ወደ ጥግ ወስዶ በጆሮዋ መናገር ይቻል ነበር፤ ሻምበሉን ግን ወደ ጥግ አልወሰዱትም።

«ጆአን፣ ልጄንና የልጅ ልጄን ጠርጌያቸዋለሁ። መስከረም ላይ ነው። ደብቄው ነው የከረምኩት።»

ጆአን እጇን በሱሪዋ ጠረገች። የምታውቀውን እንደማታውቅ ለመምሰል አልሞከረችም።

«ሌላ ሰው ቢሆን ምን ትለው ነበር ቼስተር?»

«የበረዶው ወራት እስኪያልቅ ከመስመሩ ወደ ኋላ። ከደበቀው ደግሞ ማስተማሩም ይቅርበት።»

«እንግዲያው እሱው ነው» አለች ጆአን። ወደ ዒላማዎቿ ከመመለሷ በፊት ክንዳቸውን የምትነካ መስላ ነበር፤ አልነካቻቸውም። ለዚህ በልባቸው አመሰገኗት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ በርኒ የሚባለው፣ ወንበር በእግሩ ገፋ አደረገላቸው። «ሻምበሉ ይህን ቢሰማ ድግስ ይደግስ ነበር» አለ። ሌላው፣ ቡናው መጥፎ ነው ግን ወራቱ ረጅም ስለሆነ ትለምደዋለህ አላቸው። ቼስተር ለመሳቅ ሞክረው ተቀመጡ። ከዚህ ወንበር ላይ ሆነው ክፍሉን አይተውት አያውቁም። ከዚህ ሲታይ መስመሩ ሰፊ ነው፤ የሚተኩሰውም ሰው የሚታየው የጫማው ሶል ብቻ ነው።

ኤልሲ በደረቷ ተኛች። ጆአን ከጎኗ ተንበረከከች፤ የምትላት አይሰማም። ጠመንጃው ሲተኮስ የደረቀ እንጨት እንደመስበር ነው፤ ቅም። ቆይቶ ሌላ፤ ቅም። ልጅቷ አትቸኩልም። ቼስተር በየመሐሉ ትንፋሻቸውን ይዘው ከእሷ ጋር ይለቃሉ። መጨረሻዋን ተኩሳ መቀርቀሪያውን ከፈተች፤ ጆአን ውስጡን አይታ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ኤልሲ ተነሣች፤ ጠመንጃውን ወደ ላይ አቅንታ ከመስመሩ ኋላ ወዳለው መደርደሪያ መራመድ ስትጀምር የምንጣፉ ጠርዝ እግሯን ያዘው፤ ተንገዳገደች።

ቼስተር አላሰቡበትም። ከወንበሩ ተነሥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ጠመንጃውን ሊይዙላት ሁለት እርምጃ ሄደው ነበር።

ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆመች። የጠመንጃው አፈሙዝ ወደ ጣሪያው እንደቀና አልተነቃነቀም።

«ጃጃ» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ከመስመሩ ወደ ኋላ።»

ቼስተር ቁልቁል አዩ። የቀኝ ጫማቸው ቢጫውን አልፏል። ከኋላቸው ወንበር ሲንቋቋ ሰሙ፤ ሬኔ ከበሩ አጠገብ ወለሉን ታያለች፤ ጆአንም ተንበርክካ እንዳለች ቀረች። ሙቀቱ ከአንገታቸው ተነሥቶ እስከ ጆሯቸው ጫፍ ደረሰ። ልትወድቂ መስሎኝ ነው ማለት ይችሉ ነበር፤ እውነትም ነበር። አላሉም። እግራቸውን መለሱ።

ኤልሲ የጫማቸው ጫፍ ጭምር ከመስመሩ ኋላ እስኪመለስ ጠበቀች። ከዚያ በአጠገባቸው አልፋ ጠመንጃዋን ልትሰቅል ሄደች።